የናፍጣ ተጨማሪ ኬሚካሎች

የናፍጣ ተጨማሪ ኬሚካሎች (በጋራዥ ቋንቋ አዲቲቭ) በናፍጣ ነዳጅ ውስጥ በትንሽ መጠን ገብተው የነዳጁን አንድ የተወሰነ ባሕርይ የሚያሻሽሉ ንጥረ ነገሮች ናቸው። አንዳንዶቹ ነዳጁ በሲሊንደር ውስጥ ቶሎ እንዲቀጣጠል ያደርጋሉ። ሌሎቹ የነዳጅ ፓምፕ እንዳይፋቅ ይጠብቃሉ፣ የኢንጀክተር ቀዳዳዎችን ያጸዳሉ፣ በብርድ ጊዜ ሰም ፊልትሮ እንዳይደፍን ይከላከላሉ፣ ወይም በታንክ ውስጥ የሚራቡ ጥቃቅን ተሕዋስያንን ይገድላሉ።

ሁሉንም ችግር የሚፈታ አንድ ተጨማሪ የለም። ለአንዱ ሞተር የሚጠቅመው ለሌላው ትርፍ ወጪ፣ አንዳንዴም የብልሽት ምክንያት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ምርጫው የሚጀምረው ከጠርሙሱ ሳይሆን ከሁለት ጥያቄዎች ነው። እነርሱም ነዳጁ የጎደለው ምንድን ነው? ሞተሩ ያሳየው ምልክትስ ከነዳጁ የመጣ ነው ወይስ ከሌላ ብልሽት? የሚሉት ናቸው።

ተጨማሪዎች በሁለት ደረጃ ወደ ነዳጅ ይገባሉ። የመጀመሪያው በነዳጅ ማጣሪያ ፋብሪካ ወይም በዴፖ ነው፤ እዚያ የሚጨመሩት ነዳጁ ለሽያጭ የተቀመጠውን ደረጃ እንዲያሟላ ነው። ሁለተኛው የመኪናው ባለቤት በጠርሙስ ገዝቶ ታንክ ውስጥ የሚጨምረው ነው። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነገር ከማደያ የሚቀዳው ናፍጣ አስቀድሞ ተጨማሪዎች ሊኖሩት መቻላቸው ነው።

የናፍጣ ሞተርና የነዳጁ ሥራ

ናፍጣ ከድፍድፍ ዘይት የሚገኝ የሃይድሮካርቦኖች ድብልቅ ነው። አብዛኞቹ ሞለኪውሎቹ ከ10 እስከ 22 የካርቦን አቶሞች አሏቸው። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል በ1897 እ.ኤ.አ. በአውግስበርግ ከተማ የተሳካ ሞተሩን ካሳየ ወዲህ መሠረታዊው አሠራር አልተለወጠም። የቤንዚን ሞተር በካንዴላ ብልጭታ ይቀጣጠላል። በናፍጣ ሞተር ውስጥ ግን ፒስቶኑ አየሩን ብቻ ከ14 እስከ 22 እጥፍ ያምቀዋል። የታመቀው አየር ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል፤ ኢንጀክተሩ በዚህ የጋለ አየር ውስጥ ነዳጁን እንደ ጉም ሲረጨው ያለ ብልጭታ በራሱ ይቀጣጠላል።

ከዚህ አሠራር የተነሣ ናፍጣ ከመቃጠል ሌላ ተጨማሪ ሥራ አለበት። በብዙ ሞተሮች የኢንጀክሽን ፓምፑና የኢንጀክተሮቹ ተንቀሳቃሽ ክፍሎች የሚለሰልሱት በሞተር ዘይት ሳይሆን በራሱ በነዳጁ ነው። እነዚህ ክፍሎች እርስ በርስ የሚገጣጠሙት በጥቂት ማይክሮሜትር ክፍተት ብቻ ስለሆነ ውሃ፣ አቧራ ወይም ቅባትነት የጎደለው ነዳጅ በአጭር ጊዜ ይጎዳቸዋል።

አደጋው በአዳዲስ ሞተሮች ላይ ይጨምራል። ኮመን ሬይል የሚባለው የነዳጅ አረጫጨት ሥርዓት በመንገደኛ መኪና ላይ ለገበያ የቀረበው በ1997 እ.ኤ.አ. በአልፋ ሮሜዮ 156 ነው። በዚያን ጊዜ ግፊቱ ወደ 1,350 ባር ነበር፤ በዛሬዎቹ ሞተሮች ከ2,000 ባር ያልፋል። የአንድ ከባድ መኪና ጎማ የሚነፋው ወደ 8 ባር ገደማ መሆኑን ማስታወስ ልዩነቱን ለመገመት ይረዳል። በእንዲህ ያለ ግፊት የድሮ ሞተር የሚታገሠው ነዳጅ አዲሱን ሊያበላሽ ይችላል።

ታሪካዊ ዳራ፦ የድኝ መቀነስ ያስከተለው

በናፍጣ ውስጥ በተፈጥሮ ድኝ (ሰልፈር) ይገኛል። ድኙ ሲቃጠል አየርን የሚበክል ጋዝ ይፈጥራል፤ ጭስ የሚያጣሩ መሣሪያዎችንም ያበላሻል። በዚህ ምክንያት የተፈቀደው መጠን በየጊዜው እየተቀነሰ መጥቷል። አሜሪካ ለመንገድ ተሽከርካሪዎች ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚሊዮን 15 ክፍል (15 ፒፒኤም)፣ የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 10 ፒፒኤም ወሰኑ። አንድ ፒፒኤም ማለት በአንድ ቶን ነዳጅ ውስጥ 1 ግራም ማለት ነው።

የድኝ ቅነሳው ያልተጠበቀ ውጤት አስከተለ። ስዊድን በ1991 እ.ኤ.አ. ድኙ እጅግ የቀነሰ ናፍጣ በግብር ቅናሽ ስታስተዋውቅ፣ አንዳንድ ተሽከርካሪዎች ጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ከሄዱ በኋላ የኢንጀክሽን ፓምፖቻቸው መበላሸት ጀመሩ። ብዙ ሰው እንደሚያስበው ቅባቱ ድኙ ራሱ አልነበረም። ድኝን ለማስወገድ ነዳጁ በሃይድሮጅን ሲታከም፣ በብረት ላይ ተለጥፈው ስስ ሽፋን የሚሠሩ ናይትሮጅንና ኦክሲጅን ያዘሉ ንጥረ ነገሮችም አብረው ይወገዳሉ። ቅባትነትን የሚመልሱ ተጨማሪዎች በስፋት ሥራ ላይ የዋሉት ይህን ጉድለት ለመሙላት ነው።

ይህ ታሪክ የተጨማሪን ትክክለኛ ሥራ ያሳያል። ጉድለቱ ታወቀ፣ በመለኪያ ተረጋገጠ፣ ከዚያም ለዚያው ጉድለት የተዘጋጀ ኬሚካል ተገኘለት።

ዋና ዋና ዓይነቶች

የሴቴን ማሻሻያ

ሴቴን ቁጥር ነዳጁ ከተረጨ በኋላ ለመቀጣጠል ምን ያህል እንደሚፈጥን የሚያሳይ መለኪያ ነው። ሴቴን የሚባለው ንጹሕ ሃይድሮካርቦን 100 ይሰጠዋል፤ ሌላው ነዳጅ ከእርሱ ጋር በንጽጽር ይለካል። የአውሮፓው ኢኤን 590 ደረጃ ቢያንስ 51፣ የአሜሪካው ኤኤስቲኤም ዲ975 ደግሞ ቢያንስ 40 ይጠይቃል። ቁጥሩ ሲያንስ ነዳጁ ዘግይቶ ይቀጣጠላል፤ በዚህ መሀል የተጠራቀመው ነዳጅ በአንድ ጊዜ ሲነድድ የሚሰማው ሞተሩን የመምታት ድምፅ ነው።

በብዛት የሚሠራበት ማሻሻያ 2-ኤቲልሄክሲል ናይትሬት ነው። ከነዳጁ ክብደት ከ0.05 እስከ 0.4 በመቶ ሲጨመር የሴቴን ቁጥሩን ከ3 እስከ 8 ነጥብ ሊያሳድግ ይችላል። መጠኑ ሲጨምር ግን ጥቅሙ በዚያው ልክ አይጨምርም። የሴቴን ቁጥር የነዳጁን ኃይል የሚለካ አለመሆኑም መታወቅ አለበት። አንድ ሊትር ናፍጣ ወደ 36 ሜጋጁል የሚሆን ኃይል ይይዛል፤ ሴቴን ማሻሻያ የመቀጣጠያውን ጊዜ እንጂ ይህን የኃይል መጠን አይለውጥም። ነዳጁ አስቀድሞ ለሞተሩ የሚበቃ ሴቴን ካለው የተጨመረው ብዙ ለውጥ አያመጣም።

ቅባትነትን የሚጨምሩ

እነዚህ በአብዛኛው ከስብ አሲዶች ወይም ከእነርሱ ከሚሠሩ ኤስተሮች የተዘጋጁ ናቸው። የሞለኪውሉ አንድ ጫፍ በብረቱ ላይ ይለጠፋል፣ ሌላው ጫፍ ወደ ነዳጁ ይዘረጋል፤ በዚህም ብረት ከብረት ጋር በቀጥታ እንዳይፋተግ ስስ ሽፋን ይፈጠራል። ለመለኪያው አንድ ትንሽ የብረት ኳስ በ60 ዲግሪ ሙቀት ባለ ነዳጅ ውስጥ በብረት ሳህን ላይ ለ75 ደቂቃ ይፈተጋል፣ ከዚያም በኳሱ ላይ የቀረው ጠባሳ ይለካል። በአውሮፓ ደረጃ ጠባሳው ከ460 ማይክሮሜትር፣ በአሜሪካው ደግሞ ከ520 መብለጥ የለበትም። ከአትክልት ዘይት የሚሠራ ባዮዲዝል ከ1 እስከ 2 በመቶ መቀላቀልም ቅባትነቱን በጉልህ ያሻሽላል።

አጽጂዎች

በኢንጀክተር ጫፍ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ከፀጉር ውፍረት ብዙም አይበልጡም። ከቃጠሎው የሚመጣ የካርቦን ክምችት ሲያጠባቸው ነዳጁ እንደ ጉም መበተኑ ይቀርና ይንጠባጠባል፤ ኃይል ይቀንሳል፣ ጭስም ይጨምራል። አጽጂ ተጨማሪዎች ክምችቱን ቀስ በቀስ ያስለቅቃሉ፣ አዲስ እንዳይለጠፍም ይከላከላሉ። ከዓይነቶቹ ሁሉ በተራ ባለመኪና እጅ ጥቅማቸው ሊታይ ከሚችሉት መካከል ናቸው። ይሁን እንጂ የተፋቀ ብረትን ወይም የላላ ስፕሪንግን አያድኑም። ለብዙ ዓመታት ባልተጸዳ ታንክ ላይ ኃይለኛ አጽጂ በድንገት ከተጨመረ ደግሞ የተነሣው ቆሻሻ ፊልትሮውን ሊደፍነው ስለሚችል መለወጫ ፊልትሮ ማዘጋጀት ተገቢ ነው።

ለብርድ የሚሆኑ

ናፍጣ በተፈጥሮው ሰም አለው። ሲቀዘቅዝ ሰሙ በትናንሽ ቅንጣቶች መልክ ይታያል፣ ነዳጁም ይደበዝዛል፤ ይህ የሙቀት መጠን የደመና ነጥብ ይባላል። ቅንጣቶቹ ሲያድጉ ፊልትሮውን ይደፍኑና ሞተሩ ይቆማል። ለብርድ የሚሆኑ ተጨማሪዎች ሰሙ እንዳይፈጠር አያደርጉም። የሚሠሩት ቅንጣቶቹ ትንንሽ ሆነው በፊልትሮው እንዲያልፉ በማድረግ ነው። በዚህ ምክንያት መጨመር ያለባቸው ነዳጁ ገና ሳይቀዘቅዝ ነው፤ ከረጋ በኋላ የተጨመረ የረጋውን ሰም አያቀልጥም።

ውሃና ተሕዋስያን

አየር በታንኩ ባዶ ክፍል ውስጥ ሲቀዘቅዝ ጤዛ ይሆንና ከነዳጁ ሥር ይጠራቀማል። በውሃውና በነዳጁ ድንበር ላይ ባክቴሪያና ፈንገስ ይራባሉ፤ ከታወቁት አንዱ ሆርሞኮኒስ ሬዚኔ የተባለው ፈንገስ ነው። ፊልትሮ ላይ የሚታይ ጥቁር ወይም ቡናማ ልጋግ የዚህ ምልክት ሊሆን ይችላል።

ለውሃ የሚሸጡ ተጨማሪዎች ሁለት ተቃራኒ ዓይነት ናቸው። አንደኛው ውሃው ከነዳጁ ቶሎ እንዲለይና ከታች እንዲዘቅጥ ያደርጋል፤ የተለየው ውሃ በውሃ ማጥለያው በኩል ይፈስሳል። ሁለተኛው ውሃውን በጥቃቅን ጠብታ በትኖ ከነዳጁ ጋር በሞተሩ ውስጥ እንዲያልፍ ያደርጋል። ለኮመን ሬይል ሞተር ሁለተኛው አደገኛ ነው፤ ውሃውን ከማጥለያው አሳልፎ ከፍተኛ ግፊት ወዳለበት ክፍል ይወስደዋልና። ተሕዋስያኑን የሚገድሉ ኬሚካሎችም ብቻቸውን አይበቁም። የሞተው ልጋግ ፊልትሮ ስለሚደፍን ታንኩ መጽዳትና ውሃው መውጣት አለበት፤ ውሃው ከቀረ ተሕዋስያኑ ተመልሰው ይራባሉ።

ሌሎች

ኦክሲዴሽንን የሚከላከሉ ተጨማሪዎች ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ነዳጅ ሙጫ እንዳይሠራ ይረዳሉ። ዝገት ተከላካይ፣ አረፋ አጥፊና የኤሌክትሪክ ክምችትን የሚያስወግዱ ደግሞ በአብዛኛው በዴፖ የሚጨመሩ ናቸው። ብረት ያለባቸው ተጨማሪዎች ለብቻቸው የሚታዩ ናቸው። ፔዦ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጥላሸት ማጣሪያ በገጠመላቸው መኪኖች ላይ ሲሪየም ያለበት ተጨማሪ ከልዩ ታንክ በራሱ እየተጨመረ ጥላሸቱ በዝቅተኛ ሙቀት እንዲቃጠል ያደርግ ነበር። ይህ ለዚያ ሥርዓት ታስቦ የተሠራ ነው። ለዚህ ባልተዘጋጀ መኪና ላይ ብረት ያለበት ተጨማሪ ሲቃጠል የሚተወው አመድ ማጣሪያውን ቀስ በቀስ ይደፍናል።

አመራረጥ

ምልክቱን ማንበብ

ተጨማሪ ከመግዛት በፊት ምልክቱ ከየት እንደመጣ መለየት ያስፈልጋል። ከተለመዱት ምልክቶች የሚከተሉት ይጠቀሳሉ።

- ጥቁር ጭስ፦ ለነዳጁ የሚበቃ አየር የለም ማለት ነው። የተደፈነ የአየር ፊልትሮ፣ የደከመ ቱርቦ፣ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር ወይም ከልክ ያለፈ ጭነት ምክንያት ሊሆን ይችላል። ከእነዚህ ውስጥ አጽጂ ሊረዳ የሚችለው በካርቦን የተዘጋ ኢንጀክተርን ብቻ ነው።
- ነጭ ጭስ፦ ያልተቃጠለ ነዳጅ ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ ታይቶ ከጠፋ ዝቅተኛ ሴቴን ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ከቀጠለ የእመቃ ማነስን፣ የፓምፕ ጊዜ መዛባትን ወይም ወደ ሲሊንደር የገባ የራዲያተር ውሃን ያመለክታል።
- ሰማያዊ ጭስ፦ የሞተር ዘይት እየተቃጠለ ነው። ምንም ዓይነት የነዳጅ ተጨማሪ አያስቆመውም።
- በጠዋት በቀላሉ አለመነሣት፦ በመጀመሪያ ባትሪውና የማሞቂያ መሣሪያው፣ ቀጥሎ አየር የሚያስገባ የነዳጅ መስመር ይመረመራል። ሴቴን ማሻሻያ የሚታሰበው ከዚህ በኋላ ነው።
- ፊልትሮ ቶሎ ቶሎ መደፈን፦ ውሃ፣ ዝገት ወይም ተሕዋስያን በታንኩ ውስጥ አሉ ማለት ሊሆን ይችላል። ፊልትሮውን ቆርጦ ማየትና ከታንኩ ሥር ናሙና በብርጭቆ መቅዳት መልሱን ይሰጣል።

የምርጫ ቅደም ተከተል

1. የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ማንበብ። አንዳንድ አምራቾች ከማደያ ነዳጅ ሌላ ምንም እንዳይጨመር ያዝዛሉ፤ ትእዛዙን መጣስ ዋስትናን ሊያሳጣ ይችላል።
2. የሞተሩን ዓይነት ማወቅ። ሜካኒካል ፓምፕ ያለው ነው ወይስ ኮመን ሬይል? የጥላሸት ማጣሪያ አለው ወይስ የለውም?
3. ለአንድ ጉድለት አንድ ተጨማሪ መምረጥ። ሁሉን እፈታለሁ የሚል ጠርሙስ ከእያንዳንዱ ንጥረ ነገር በቂ መጠን ላይኖረው ይችላል።
4. ጽሑፉን ማንበብ። የንጥረ ነገሩ ዓይነት፣ መጠኑ፣ ከየትኛው ሞተር ጋር እንደሚስማማና የአደጋ ምልክቱ ያልተጻፈበት ጠርሙስ አለመግዛት ይመረጣል።
5. መጠኑን ማስላት። ጽሑፉ 1 ለ1,000 ካለ ለ200 ሊትር ታንክ 200 ሚሊ ሊትር ይበቃል። እጥፍ መጨመር እጥፍ ጥቅም አያስገኝም፤ የበዛ አጽጂ ለምሳሌ ውሃው ከነዳጁ እንዳይለይ ሊያደርግ ይችላል።
6. ሁለት የተለያዩ ተጨማሪዎችን አለመቀላቀል። አንዳንድ አሲዳማና አልካላይ ንጥረ ነገሮች ሲገናኙ እንደ ሳሙና ያለ ዝቃጭ ይፈጥራሉ።
7. ተጨማሪውን ነዳጅ ከመሞላቱ በፊት ታንክ ውስጥ ማድረግ። ቀጥሎ የሚገባው ነዳጅ ያዋህደዋል።

ወጪና ጥቅም

ብዙ ተጨማሪዎች የሚሸጡት ነዳጅ ይቆጥባሉ በሚል ነው። ይህን ቃል በቀላል ስሌት መመርመር ይቻላል። የጠርሙሱ ዋጋ ታንኩን ከሚሞላው ነዳጅ ዋጋ 4 በመቶ ከሆነ፣ ተጨማሪው የራሱን ዋጋ ብቻ ለመመለስ ወደ 4 በመቶ የሚጠጋ ነዳጅ መቆጠብ አለበት። ጤነኛ ሞተርና ደረጃውን የጠበቀ ነዳጅ ባለበት ይህን ያህል ቁጠባ ማግኘት ከባድ ነው። ኢንጀክተሩ በካርቦን ተዘግቶ ለነበረ ሞተር ግን የሚመለሰው ቀድሞ የጠፋው ስለሆነ ለውጡ ሊታይ ይችላል።

ለውጡን ለማረጋገጥ ታንኩን ሞልቶ የተነዳውን ኪሎ ሜትር መመዝገብ፣ እንደገና ሲሞላ የገባውን ሊትር ማካፈል፣ ይህንንም ከተጨማሪው በፊትና በኋላ ለበርካታ ታንክ መደጋገም ያስፈልጋል። መንገዱና ጭነቱ ተመሳሳይ መሆን አለበት። በአንድ ቀን ፊልትሮ ተለውጦ፣ ጎማ ተነፍቶ፣ ተጨማሪም ከተጨመረ ለውጡን ያመጣው የትኛው እንደሆነ ማወቅ አይቻልም።

በጠርሙስ ላይ የሚታይ የመንግሥት ምዝገባም በጥንቃቄ መነበብ አለበት። በአሜሪካ ለመንገድ ተሽከርካሪዎች የሚሸጡ የናፍጣ ተጨማሪዎች በአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ መመዝገብ አለባቸው። ምዝገባው ግን አምራቹ ስለ ንጥረ ነገሩ መረጃ ሰጥቷል ማለት እንጂ መሥሪያ ቤቱ ነዳጅ ቆጣቢነቱን አረጋግጧል ማለት አይደለም።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የጭነት መኪኖች፣ አውቶቡሶች፣ ትራክተሮችና ጄኔሬተሮች በአብዛኛው የሚሠሩት በናፍጣ ነው። የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ሥራ ካቆመ ወዲህ አገሪቱ የተጣራ ነዳጅ ከውጭ ትገዛለች፤ ዋናው መግቢያም የጅቡቲ ወደብ ነው። ነዳጁ ከመርከብ ወደ ዴፖ፣ ከዴፖ ወደ ቦቴ፣ ከቦቴ ወደ ማደያ ጋን ይገለበጣል። በእያንዳንዱ እርምጃ ውሃና አቧራ የመግባት ዕድል አለ። ስለዚህ ከማንኛውም ጠርሙስ በፊት ጥሩ ፊልትሮ መግጠምና የውሃ ማጥለያውን በየጊዜው ማፍሰስ ይቀድማል።

ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከጅቡቲ ወደብ ሩብ ያህል ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚያው ልክ ያነሰ ኦክሲጅን ያገኛል። ለቆላ ተስተካክሎ የመጣ የነዳጅ ፓምፕ በደጋ ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ቢያስወጣ ችግሩ የአየር ማነስ ነው፤ መፍትሔውም ፓምፑን በባለሙያ ማስተካከል እንጂ ተጨማሪ መግዛት አይደለም። በሌላ በኩል ስስ አየር ሲታመቅ መቀጣጠሉን ስለሚያዘገይ በብርዳማ ጠዋት በቂ ሴቴን ያለው ነዳጅ በደጋ ይበልጥ ያስፈልጋል። የሰም መርጋት ግን በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ዋና ችግር አይደለም። ሊታሰብበት የሚችለው የሌሊቱ ሙቀት ወደ ዜሮ ዲግሪ በሚወርድባቸው እንደ ደብረ ብርሃንና የባሌ ተራሮች ባሉ ከፍታ ቦታዎች ነው።

ሌላው ስጋት ናፍጣን ከነጭ ጋዝ (ላምባ) ጋር መቀላቀል ነው። የነጭ ጋዝ ዋጋ ከናፍጣ ባነሰበት ጊዜና ቦታ ሁሉ ይህ ማጭበርበር ይፈትናል። ነጭ ጋዝ ከናፍጣ የቀጠነና ቅባትነቱ ያነሰ ስለሆነ ሞተሩ ኃይል ያጣል፣ ፓምፑም ይፋቃል። ቅባትነት የሚጨምር ተጨማሪ ጉዳቱን ሊቀንስ ቢችልም ነዳጁን ወደ ናፍጣነት አይመልሰውም። በተደጋጋሚ ከአንድ ቦታ ከተቀዳ በኋላ ብቻ ችግሩ የሚታይ ከሆነ የሚለወጠው የሚቀዳበት ቦታ ነው።

ለመብራት መቋረጥ ጄኔሬተር የሚያስቀምጡ ሆስፒታሎች፣ ባንኮችና ሆቴሎች ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለባቸው። ነዳጁ በታንክ ወይም በበርሜል ለወራት ስለሚቆም ውሃ፣ ተሕዋስያንና ሙጫ ዋና ጠላቶቹ ናቸው። ለእነርሱ ከሴቴን ማሻሻያ ይልቅ ኦክሲዴሽን ተከላካይ፣ ታንኩን በየጊዜው ማጥለልና የቆየውን ነዳጅ አስቀድሞ መጠቀም ይጠቅማል። ጄኔሬተሩ በሚፈለግበት ሰዓት ፊልትሮው ተደፍኖ ቢቆም የሚደርሰው ጉዳት ከነዳጁ ዋጋ እጅግ ይበልጣል።

ከተጨማሪ ጋር የሚምታቱ ነገሮች

አድብሉ፦ 32.5 በመቶ ዩሪያ የያዘ የውሃ ድብልቅ ነው። የራሱ ታንክ ያለው ሲሆን የሚረጨው በጭስ ማስወጫው ውስጥ ነው። ናፍጣ ታንክ ውስጥ በስህተት ከተጨመረ ሞተሩን ማስነሣት አይገባም፤ ታንኩ ተራግፎ መጽዳት አለበት።

ቤንዚን፦ በድሮ ጊዜ በብርድ አገሮች ናፍጣን ለማቅጠን ይቀላቀል ነበር። ዛሬ የማይመከረው ቅባትነትንና ሴቴንን ስለሚቀንስ ነው። ከዚህም በላይ ናፍጣ በእንፋሎቱ እሳት ለመያዝ ከ50 ዲግሪ በላይ መሞቅ ሲያስፈልገው፣ ጥቂት ቤንዚን የገባበት ግን በተራ የአየር ሙቀት እሳት ሊይዝ ይችላል።

የተቃጠለ ዘይት፦ አንዳንዶች ለቅባትነት ብለው ያገለገለ የሞተር ዘይት ይጨምራሉ። በውስጡ ያሉት የብረት ብናኞች፣ ጥላሸትና አመድ ኢንጀክተርንና የጭስ ማጣሪያን ያበላሻሉ።

የደህንነት ጥንቃቄ

ተጨማሪዎች ከነዳጁ ብዙ እጥፍ የተከማቹ ኬሚካሎች ናቸው። የናይትሬት ሴቴን ማሻሻያ እንፋሎት ራስ ምታትና የደም ግፊት መውረድ ሊያስከትል ይችላል፤ በከፍተኛ ሙቀት ደግሞ በኃይል ሊፈርስ ስለሚችል ከፀሐይና ከእሳት ርቆ መቀመጥ አለበት። ተሕዋስያን ገዳዮቹ ቆዳንና ዓይንን ያቃጥላሉ። በሚጨመሩበት ጊዜ ጓንት ማድረግ፣ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ መሥራትና ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ወደ ለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ መገልበጥም ለመመረዝ ምክንያት ይሆናል።

ነዳጅን በጎማ ቱቦ በአፍ ስቦ ማውጣት በብዙ ቦታ የተለመደ ቢሆንም እጅግ አደገኛ ነው። ወደ ሳንባ የገባ ጥቂት ናፍጣ ከባድ የሳንባ ብግነት ያመጣል። በድንገት የዋጠ ሰው እንዲያስመልስ መደረግ የለበትም፤ ሲያስመልስ ነዳጁ ወደ ሳንባ ሊገባ ስለሚችል በፍጥነት ወደ ሕክምና መወሰድ አለበት። ከታንክ የወጣ ውሃና ዝቃጭም በመሬት ላይ ወይም በቦይ ውስጥ ሳይደፋ ከተቃጠለ ዘይት ጋር በመያዣ ተጠራቅሞ መወገድ ይኖርበታል።